የማን ልጅ ነው

የራስ ቅሉን ከአጥንት ክፍል የተበደርኩት መታወቂያዬን አስይዤ፣ መዝገቡ ላይ ፈርሜ ነው። ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ፤ የሕክምና ተማሪዎች ፒሲ ዋን የምንለው ዓመት። የሴሚስተሩ ዕረፍት ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር፤ ስንመለስ ደግሞ የአናቶሚ ስፖት ፈተና ይጠብቀናል። ስፖት ማለት በየጠረጴዛው ላይ አጥንት ተደርድሮ፣ አንዱ ቀዳዳ ውስጥ የክብሪት እንጨት ተሰክቶ፣ «በዚህ የሚያልፈው ነርቭ ማን ነው?» የሚባልበት ፈተና ነው። ደወል ሲጮህ አውቀህም ሳታውቅም ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ትሄዳለህ። የራስ ቅል ሥሩ ደግሞ ወንፊት ነው። 12ቱ ጥንድ የራስ ነርቮች፣ ወደ አንጎል የሚወጡና የሚወርዱ የደም ሥሮች ሁሉ በዚያ ወንፊት ነው የሚያልፉት። መጽሐፍ ላይ ያለው ሥዕል አይበቃም፤ በጣት መዳሰስ፣ ብርሃን ላይ አንስቶ ማየት ያስፈልጋል። ስለዚህ በፎጣ ጠቅልዬ፣ ከስኔል የአናቶሚ መጽሐፍ ጋር ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩትና ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ወጣሁ።

ጎሐ ጽዮንን አልፈን፣ ዓባይ በረሃን ወርደን ወጣን። ከዚያ አንድ ኬላ ላይ አውቶቡሱ ቆመ። ኮንትሮባንድ ፍተሻ ነው ተባለና ሁላችንም ሻንጣችንን ይዘን ወረድን። ወጣቱ ፖሊስ ፎጣውን ሲፈታው እጁ ደረቀ።

«በስመ አብ!» አሉ ከኋላዬ የነበሩ ሴት። ሰው ሁሉ አንድ እርምጃ ሸሸ። አንድ ሽማግሌ ግን ወደ ፊት ቀረቡ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ዝም ብለው ቆሙ። ያኔ ለምን እንዳደረጉት አልገባኝም። እኔ የማስበው አውቶቡሱ ጥሎኝ እንዳይሄድ ብቻ ነበር።

ሳጅኑ መጡ። ተማሪ መሆኔን ተናገርኩ። «መታወቂያህን» አሉኝ። መታወቂያዬ ያለው አጥንት ክፍል፣ በራስ ቅሉ ምትክ መሳቢያ ውስጥ ነው። ላብ አጠመቀኝ። የሕክምና ተማሪ መሆኔን ለማሳየት የራስ ቅሉን ገልብጬ ቀዳዳዎቹን እየነካሁ መጥራት ጀመርኩ። ፎራሜን ኦቫሌ፣ ፎራሜን ስፓይኖሰም። «ድግምት ነው የሚደግመው!» የሚል ድምፅ ከተሳፋሪው መሐል ተሰማ። ሳጅኑ እጃቸውን አንሥተው ሰውን ጸጥ አሰኙ።

«ስሙ ማን ነው?» አሉኝ።

«ክራኒየም ይባላል።»

«የአጥንቱን አልጠየቅሁህም። የሰውዬውን ስም ነው።»

መልስ አልነበረኝም። ያዳነኝ ስኔል ነው፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የቤተ መጻሕፍቱ ማኅተም ነበረበት። ሳጅኑ ማኅተሙን አይተው ስልክ ሲያስደውሉ፣ መልስ እስኪመጣ ስንጠብቅ ሦስት ሰዓት አለፈ። አውቶቡሱ ሄደ። አሳፍረው የላኩኝ እህል የጫነ አይሱዙ ላይ ነው፤ ፎጣውን ራሳቸው ጠቅልለው፣ «ከእግርህ ሥር እንዳታደርገው» ብለው አስጠንቅቀው። ከጋቢናው ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌው ቤቴ የደረስኩት ሲጨልም ነበር።

እናቴ ያገኘችው በማግሥቱ ነው። ልብሴን ልታጥብ ሻንጣውን ከፍታ። ሮጬ ስገባ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ፎጣው ጭኗ ላይ ተዘርግቶ፣ የራስ ቅሉን በሁለት እጇ ይዛው ነበር። አልጮኸችም።

«ይሄ የማን ልጅ ነው?» አለችኝ።

«አላውቅም እማዬ።»

«አስተማሪህስ?»

«እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።»

ወደ መስኮቱ አስጠግታ አገላብጣ አየችው። አውራ ጣቷን መንጋጋው ላይ እያስኬደች፣ «ጥርሱ እንዴት አልቋል! ቆሎ የቆረጠመ ሰው ነው። የድንጋይ ወፍጮ እህል የበላ» አለች። እውነቷን ነበር። የመንጋጋ ጥርሶቹ ጫፍ እንደተሳለ ድንጋይ ተስተካክሎ ለስልሷል። ሦስት ወር ሙሉ አጥንት ክፍል እየገባሁ ይህንኑ ራስ ቅል ስዳስስ ከርሜያለሁ፤ ጥርሱን ልብ ብዬ አላየሁትም። ክብሪት የሚሰካው ቀዳዳ ላይ ነው፤ ጥርስ ላይ ጥያቄ አይወጣም።

እናቴ ከሳጥኗ ንጹሕ ነጠላ አወጣች፤ ጠቅልላ ከሥዕለ አድኅኖው አጠገብ አስቀመጠችው፤ ጧፍ አበራች። «ስሙን አንተ ታውቃለህ» ብላ ስትጸልይ ሰማኋት። ሁለት ሳምንቱን ያጠናሁት በእሷ ሥርዐት ነው። ነጠላውን ከመፍታቴ በፊት ነፍስ ይማር እላለሁ፣ ስጨርስ ጠቅልዬ ወደ ቦታው እመልሳለሁ። ፈተናው ላይ ክብሪቱ ፎራሜን ኦቫሌ ውስጥ ተሰክቶ አገኘሁት፤ የአምስተኛው ነርቭ ሦስተኛ ቅርንጫፍ፣ መንጋጋን የሚያንቀሳቅሰው፣ ቆሎ የሚያስቆረጥመው ነርቭ የሚያልፍበት። እሱን ነርቭ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ስለ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ሳልጠቅሰው ማለፍ አልችልም። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ገና ሕፃን ሳሉ የእንግሊዝ መኮንን ወስዷቸው፣ ቻርልስ ማርቲን ተብለው ሕንድ አገር አደጉ፤ ላሆር ላይ ሕክምና ተምረው ተመረቁ። በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እሳቸው ናቸው። ከአድዋ ድል በኋላ አገራቸው ሲመጡ የወገናቸውን ቋንቋ አያውቁም። የማን ልጅ እንደሆኑ የታወቀው አያታቸው ገላቸው ላይ የነበረውን ጠባሳ አይተው ነው። የሰው ገላ ሲያክሙ የኖሩት ሐኪም በራሳቸው ገላ ዘመዳቸውን አገኙ። ይህን ሳነብ የእናቴ አውራ ጣት መንጋጋው ላይ ሲሄድ ታየኝ።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው እንግዲህ አራተኛ ዓመት ላይ ያጠፋሁት።

አራተኛ ዓመት ሲ ዋን ነው። ነጭ ጋውን ተለብሶ፣ ስቴቶስኮፕ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ዋርድ የሚገባበት። ለእኔ የደረሱኝ ከገጠር የመጡ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው እናት ነበሩ። ገና አልጋቸው አጠገብ ስቆም፣ «አንተ የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ።

«እማማ፣ መጀመሪያ እኔ የምጠይቅዎትን ይመልሱልኝ» አልኳቸው። የምሞላው ቅጽ ነበረኛ። ቺፍ ኮምፕሌይንት ማለትም ዋናው ሕመም፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ያባብሰዋል፣ ምን ያስታግሠዋል።

«ልቤን ነው ልጄ። ዳገት ስወጣ ድው ድው ይላል፣ ትንፋሼ ይቆራረጣል። ሌሊት ሌሊት ደግሞ ልቤን ይፈጀኛል።»

ስቴቶስኮፑን ደረታቸው ላይ ሳኖር በልብ ምታቸው መሐል የሹክሹክታ ድምፅ ሰማሁ። በሕይወቴ በራሴ ጆሮ የሰማሁት የመጀመሪያው መርመር ነበር። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን በር የሚያጠብ የሪውማቲክ በሽታ አገራችን ውስጥ ብዙ ነው፤ አገኘሁት አልኩ። ሌሊቱን ስለ ልብ በሮች ሳነብ አደርኩ።

ጠዋት ራውንድ ላይ ሲኒየሯ ሐኪም ሳላቋርጥ የተናገርኩትን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«እናቴ፣ የሚፈጅዎትን ቦታ እስቲ በእጅዎ ያሳዩኝ።»

እማማ መዳፋቸውን አሳረፉ። ደረታቸው ላይ ሳይሆን ከደረት አጥንት ጫፍ በታች፣ ከእንብርት በላይ።

ሐኪሟ የታችኛውን የዓይናቸውን ቆብ ሳብ አደረጉት። ቀይ መሆን የነበረበት እንደ ወረቀት ነጥቷል። «ሰገራዎትስ ምን ይመስላል?» «እንደ ቅጥራን ጠቁሮብኛል፣ አፍሬ ነው ያልተናገርኩት።» «ለሕመም የሚውጡት ክኒን አለ?» «ለጉልበቴ ነዋ!» ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈተው አወጡት፤ ዲክሎፌናክ። ጉልበታቸውን ሲያማቸው ከከተማ እየተገዛላቸው ወራት ሙሉ ውጠውታል። ክኒኑ ጨጓራቸውን አቁስሎ፣ ቁስሉ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ደም አፍስሶ፣ ሄሞግሎቢናቸው 5 ደርሷል። ልባቸው የሚደልቀው የቀረውን ትንሽ ደም ለመላው ገላ ለማዳረስ ሲጣደፍ ነው። እኔ የሰማሁት ሹክሹክታም የቀጠነው ደም በጤነኛ በር በፍጥነት ሲያልፍ የሚያሰማው ነው። ሲንከባከባቸው የኖረውን ልብ በሽተኛ ነው ያልኩት እኔ ነኝ።

«ልቤን» የሚለውን ቃል አላውቀውም ነበር ማለት አልችልም። አያቴ ምግብ ሲከብዳት ልቤን ነፋኝ ስትል ነው ያደግሁት። እኛ ዘንድ ልብ ማስተዋልም ነው፣ ድፍረትም ነው፣ ሆድና ደረት የሚገናኙበት ቦታም ነው። ጋውኑን ስለብስ የቤቴን አማርኛ ደጅ ትቼው ገባሁ። ሕክምናን በእንግሊዝኛ መማራችንን አልቃወምም፤ መጻሕፍቱ ያሉት በዚያ ነው። ነገር ግን በስድስት ዓመት ውስጥ የአንዲት ሰዓት ትምህርት እንኳ በሽተኛው ሕመሙን በምን ቃል እንደሚናገር፣ በአማርኛ ይሁን በኦሮምኛ ወይም በሌላው ቋንቋችን፣ ሳይነግረን ማለፉ ዛሬም ያንገበግበኛል። የጠበበን የልብ በር በካሬ ሴንቲሜትር ለክቼ እናገር ነበር፤ «በእጅዎ ያሳዩኝ» ማለት ግን አልመጣልኝም።

ደም ተሰጣቸው፣ የጨጓራ መድኃኒት ተጀመረላቸው፣ ዲክሎፌናኩ ተወሰደ። ከሰዓት በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። ቅጽ አልያዝኩም።

«ትናንት የጠየቁኝን አልመለስኩልዎትም» አልኳቸው። የአባቴን ስም፣ የእናቴን ስም፣ አገሬን ነገርኳቸው። እናቴ በሕይወት እንዳለች ሲሰሙ «ተመስገን» አሉ። ስለ እሷ ንገረኝ አሉኝ። ምን እንደምነግራቸው ሳስብ የመጣልኝ ያ ራስ ቅል ነበር፤ ኬላውን፣ ባርኔጣቸውን ያወለቁትን ሽማግሌ፣ ጥርሱን፣ ጧፉን ሁሉ ነገርኳቸው። ደሙ ጠብ ጠብ ሲል ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር። የተኙ መስሎኝ ዝም ስል ዓይናቸውን ገለጡ።

«መለስከው?»

«መለስኩት።»

«ነጠላውስ?»

«አብሮት ቀረ» አልኳቸው።