ባሕረ ሐሳብ ለሰንጋ

ጫግኒ ላይ ሰንጋ የሚያደልብ ሰው ሁለት ነገር ይጠየቃል፤ «በስንት ገዛኸው?» እና «ስንት ሰጡህ?»። በመሐሉ «ስንት በላ?» የሚል የለም። የበላውን የሚያውቀው በሬው ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን አፉ ሥራ ላይ ነው።

እኔ ግን ደብተር ይዣለሁ። 300 ኪሎ የሚሆን በሬ በቀን የክብደቱን 3 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል፤ 9 ኪሎ መሆኑ ነው። የዳጉሳ ገለባ፣ የበቆሎ አገዳ፣ ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ ጨው ብዬ አሰፈርሁ። አተላው ፊት ለፊት ዜሮ ስጽፍ ባለቤቴ አየችኝ።

«አተላው በነጻ ነው ያለህ ማን ነው? ሴትዮዋ ባመጣች ቁጥር ቡና የማፈላው እኔ አይደለሁም?»

«ቡና» የሚል ዓምድ ተጨመረ።

የአገራችን ልማድ የታወቀ ነው፤ ከጥምቀት በኋላ ከሲታ በሬ ገዝቶ፣ ሁዳዴን ቀልቦ፣ ለፋሲካ መሸጥ። በሁዳዴ ሥጋ ፈላጊ የለም፤ 55 ቀን ሙሉ እኛ በሽሮ እንከርማለን። ከኑጉ ዘይቱ ለእኛ ለጿሚዎቹ፣ ፋጉሎው ለእሱ። የሚጾመው ባለቤቱ፣ የሚወፍረው በሬው።

ችግሩ ጥምቀት ጥር 11 ላይ ተተክሎ ሲቀር ፋሲካ መንከራተቱ ነው። ጎረቤቴን መሪጌታን ጠየቅኋቸው።

«የኔታ፣ የዘንድሮ ፋሲካ መቼ ይውላል?»

«ምነው ልጄ፣ ገና በጥቅምት ጾም ናፈቀህ?»

«በሬ ልገዛ ነው።»

ሳቁና በጣታቸው አንጓ ቆጠሩልኝ። ፋሲካ ከመጋቢት 26 በፊት አይውልም፤ ከሚያዝያ 30 አያልፍም። እኔም ቀጥዬ ቆጠርሁ። በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ዋለ፤ ከጥምቀት 106 ቀን። በ2017 ሚያዝያ 12፤ 91 ቀን። በ2018 ሚያዝያ 4፤ 83 ቀን። በሁለት ዓመት ውስጥ 23 የድለባ ቀን ከእጄ ወጣ። የበዓላት መቁጠሪያው ባሕረ ሐሳብ የከብት ሀብት ትምህርት መሆኑ ያኔ ገባኝ።

ታዲያ የትኛው ፋሲካ ይሻላል? የራቀው እንዳልል፣ 23 ቀን በ9 ኪሎ ሲባዛ 207 ኪሎ ነው፤ ሁለት ኩንታል መኖ አለፈ ማለት ነው። በዚያ ላይ በሬ ከወፈረ በኋላ የሚጨምረው ጮማ ነው፤ ጮማ ደግሞ ከሥጋ ይበልጥ መኖ ይበላል። የቀረበው እንዳልል፣ በሬው ሳይሞላ በዓሉ ይደርሳል። ቀን ለማካካስ ቀደም ብዬ ልግዛ ብል መግዣዬ ገና ላይ ይወድቃል፤ ለገና የበሬ ዋጋ ሰማይ ነው። ትርፍ የሚገኘው ሲሸጡ ሳይሆን ሲገዙ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

በጓንጓ ወረዳችን የፎገራን ዝርያ ለማሻሻል የተቋቋመ የመተከል ራንች አለ፤ እዚያ የከብት ክብደት በሚዛን ይመዘገባል። የእኛ ሚዛን የደላላው መዳፍ ነው። ሻኛውን ይጨብጣል፣ ታፋውን ይመታል፣ ጥርሱን ይቆጥራል፤ ከዚያ ለገዢው በአንድ ጆሮ፣ ለእኔ በሌላው የተለያየ ዋጋ ያንሾካሹካል። ለመካከሉ የደላላ፣ ለመውጫው የኮቴ ይከፈላል። ከቆላ የመጣ በሬ ከሆነ ደግሞ ከሁሉ በፊት የገንዲ መድኃኒት አለ።

ገዢውም ቢሆን ደስ አይለው፤ ከበሬው የቁም ክብደት ሥጋ ሆኖ ቅርጫው ላይ የሚደርሰው ግማሹ ገደማ ነው። ድሮ ቆዳው የአራጁን ይከፍል ነበር፤ ዛሬ ቆዳ ነጋዴው መንገድ ቀይሮ ያልፋል።

ደብተሩን ዘጋሁና ለባለቤቴ አነበብሁላት። የመግዣው፣ የመኖው፣ የቡናው፣ የደላላው ሁሉ ተቀንሶ የተረፈውን ስትሰማ «የአንተስ ጉልበት?» አለች። የእኔን ጉልበት ብናስገባ ኖሮ በሬው ዕዳ ያለበት ሆኖ ይሞት ነበር።

«ፍጉን አልጻፍኸውም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ፍጉ በየማለዳው ወደ ጎመን መደቧ ይሄዳል። ደላላ የለውም፣ ኮቴ አይከፈልበትም፣ ፋሲካ ቢቀርብም ቢርቅም አይገደውም። ሳይቀናነስ የገባ ብቸኛ ገቢያችን እሱ ነው፤ እሱም የተመዘገበው በእሷ ስም ነው።