ሱትና ብል

በስተእርጅና የእንግሊዝኛ ትምህርት የጀመረው ጎረቤቴ፣ በቃሊቲ መንገድ ዳር ጋራዥ ያለው ሰው፣ በአንድ የሥራ ማስታወቂያ ላይ «ሱተብል» የሚል ቅጽል ባጋጠመው ጊዜ ቃሉን ከሁለት ከፍሎ «ሱቱ ልብሱ ነው፤ ብሉም ልብሱን የሚበላው ነው» ሲል ተረጐመው፤ ስለዚህም ማስታወቂያው ኮቱን ብል የጨረሰበትን ችግረኛ ለሥራ የሚጠራ የምጽዋት ዐዋጅ መስሎት ቀጣሪውን አብዝቶ መረቀ።

ምርቃቱ በከንቱ ቢቀርም ትርጓሜው እኩሌታው ደኅና ነበር፤ ኮትና ሱሪው ከአንድ ጣቃ ተቆርጦ አንዱ ሌላውን የሚከተልበት «ሱት» የተባለው ልብስና ይኸው ተስማሚነትን የሚናገር ቅጽል፣ ሁለቱም በፈረንሳዮች በኩል አልፈው «ተከተለ» ከሚለው የሮማይስጥ ግስ የተወለዱ ወንድማማች ናቸውና።

የእኛ ሊቃውንት ግን በመከተል ብቻ አልረኩም። በግእዝ «ደለወ» መዘነም ተገባም ማለት ሲሆን፣ ሚዛኑ «መዳልው»፣ ለክብር የበቃውም ሰው «ድልው» ይባላል፤ እንግዲህ ድልው ለመባል አስቀድሞ ሚዛን ላይ መውጣት ያሻል፣ ይህም ለሹመት ፈላጊ ሁሉ የምሥራች አይመስለኝም። ዐማርኛም በበኩሉ «ተስማሚ»ን ከመስማት፣ «ተገቢ»ን ከመግባት አወጣ።

ከእነዚህ ሁሉ ለሰፈራችን ለአቃቂ ቃሊቲ ጠባይ የሚቀርበው መግባት ነው፤ መለዋወጫ ዕቃ በሚሠራበትና ብረት ሲቀጠቀጥ በሚውልበት በዚህ ሰፈር፣ «ይገባል፣ አይገባም» የሚለው ክርክር የሥነ ምግባር ሳይሆን የቡሎንና የዳዶ ነውና። ትልቁን ምስክር ግን የሚሰጠው ባቡሩ ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው፣ በአቃቂ ያልፍ የነበረው አሮጌው የምድር ባቡር የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ሲሆን፣ በመቶኛው ዓመት፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ መሥመር 1.435 ሜትር ሆኖ መጣ፤ ስለዚህ አሮጌው ፉርጎ ምንም ያህል ቡናና ጨው ተሸክሞ ለመንግሥትና ለሕዝብ ቢደክም፣ በ43 ሳንቲሜትር ተኩል ጉድለት ለአዲሱ መንገድ ድልው ሳይሆን ቀረ።

ይህን ሁሉ ሐተታ ለጎረቤቴ በአክብሮት አቀረብሁለት። እርሱም እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳምጦ ሲያበቃ፣ «ጋሼ፣ ለ43 ሳንቲሜትር ነው እንዴ ይህ ሁሉ ድካም? ፉርጎውን ብቻ ያምጡልኝ፤ በመዶሻ አባብለን እናስገባዋለን» አለኝ፤ በእጁም ላይ ከጧት ጀምሮ ሲባበል የዋለ፣ ነገር ግን ለመግባት እሺ ያላለ አንድ ቡሎን ነበረ።