የሞክሼ ጣጣ

በአማርኛ ሞክሼ የሚባሉት ስማቸው አንድ፣ ማንነታቸው ሁለት የሆነ ሰዎች ሲሆኑ፣ በሰው ዘንድ ሞክሼነት ከመጠራሪያነትና ከቀልድ አልፎ ብዙ ጉዳት አያደርስም። በጃቫ ቋንቋ ተጽፎ ተጠቃሚው በብራውዘር በሚከፍተው ፕሮግራም፣ ማለትም በጃቫ ዌብ አፕሊኬሽን ውስጥ ግን ሞክሼነት የሥራ ቀን ይበላል፤ ጧት አንዲት ትንሽ ቴስት ጽፎ ሊነሣ የተቀመጠ ፕሮግራመር ሲመሽም እዚያው ወንበር ላይ የሚገኘው፣ አብዛኛውን ጊዜ ኮዱ ተበላሽቶ ሳይሆን ሁለት ሞክሼዎችን አንድ ናቸው ብሎ አምኖ ነው።

ቋንቋው ራሱ ከዚህ ጣጣ አላመለጠም። ጄምስ ጎስሊንግና ባልደረቦቹ ሲሠሩት ኦክ ይባል የነበረው ይህ ቋንቋ፣ ስሙ ቀድሞ በሌላ ተይዞ በመገኘቱ ጃቫ ተብሎ በ1995 እ.ኤ.አ. በሰን ማይክሮሲስተምስ ይፋ ሲደረግ፣ ከአንዲት የኢንዶኔዥያ ደሴትና በእርሷ ስም ከሚጠራው ቡና ጋር ሞክሼ ሆነ። በዚያው ዓመት የተወለደው ጃቫስክሪፕት ደግሞ ስሙን ብቻ የተጋራ ባዕድ ስለሆነ፣ ጃቫ የሚያውቅ ሰው በየሰርግ ቤቱ ስለ ጃቫስክሪፕት ከመጠየቅ አይድንም።

ችግሩ ኮድ ከመጻፉም በፊት ይጀምራል። ጄዲኬ የሚባለው የጃቫን ኮድ ተርጉሞ የሚያስኬድ የመሣሪያዎች ስብስብ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለትና ሦስት ጊዜ ሊጫን ስለሚችል፣ ትእዛዝ መጻፊያው መስኮት አንዱን ጃቫ ሲጠራ፣ ግንባታውን የሚያከናውነው ሜቨን ደግሞ ጃቫ ሆም በተባለው ቅንብር የተመዘገበውን ሌላውን ይጠራል፤ የተጣሉት ጃቫዎችም የክላሱ ፋይል ስሪት 61 ሲሆን አስኬጁ የሚያውቀው ግን እስከ 52 ድረስ ብቻ ነው የሚል መልእክት ያወጣሉ። በመልእክቱ ውስጥ የሚታወቅ የጃቫ ቁጥር አንድም የለም፤ ከእያንዳንዱ ላይ 44 ሲቀነስ ግን 17 እና 8 ይገኛሉና፣ ከፈረንጅ ዓመት ላይ 7 ወይም 8 እየቀነሰ ላደገ ኢትዮጵያዊ ፕሮግራመር ይህ ስሌት ባዳ አይደለም። ሜቨን በበኩሉ ቂም ያውቃል፤ ኔትወርክ ተቆራርጦ አንድ ላይብረሪ ሳይወርድ ከቀረ ውድቀቱን መዝግቦ ይይዝና፣ መስመሩ ከተመለሰ በኋላም ዳሽ ዩ የምትባለው ትእዛዝ እስክትጨመርለት ወይም ቀጠሮው እስኪደርስ ድረስ እንደገና ለመሞከር ፈቃደኛ አይሆንም።

ቀጥሎ የሚመጣው ቶምካት ነው። ቶምካት ዌብ አፕሊኬሽኑን ተሸክሞ ፖርት 8080 በተባለ በር ላይ የሚያገለግል ሰርቨር ሲሆን፣ ተዘጋ ሲባል ከጀርባ ሆኖ በሩን ይዞ የሚቆይበት ጊዜ ስላለ፣ ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ የሚለውን ተረት ከነስሙ ያጸናል። የእርሱ ሞክሼ ግን ከዚህ የረቀቀ ነው። ኦራክል የጃቫን የድርጅት እትም ለኤክሊፕስ ፋውንዴሽን ሲያስረክብ ጃቫ የሚለውን የንግድ ስም ስላላስረከበ፣ ጃቫክስ ተብሎ ይጀምር የነበረው የክላሶቹ የቤተሰብ ስም ጃካርታ ተባለ፤ ጃካርታም በዚያችው በጃቫ ደሴት ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ምክንያት የብራውዘርን ጥያቄ ተቀብሎ መልስ የሚሰጠው ኤችቲቲፒ ሰርቭሌት የተባለ ክላስ ሁለት ሆነ፤ ቶምካት 9 የጃቫክሱን፣ ቶምካት 10 የጃካርታውን ብቻ ያውቃሉ። የቀድሞው ኮድ ወደ አዲሱ ሰርቨር ሲገባ ወይ ክላሱ አልተገኘም ይባላል፣ ወይም ከዚህ በከፋ ሁኔታ ምንም ሳይባል 404 ይመለሳል።

ይህ ሁሉ ታልፎ ዩኒት ቴስት ላይ ይደረሳል፤ ዩኒት ቴስት የፕሮግራሙን ትንሿን ክፍል ከሌላው ነጥሎ የሚመረምር አጭር ኮድ ነው። ለዚህ ሥራ የሚያገለግለውን ጄዩኒትን ኬንት ቤክና ኤሪክ ጋማ በ1997 ከዙሪክ ወደ አትላንታ ሲበሩ አውሮፕላን ውስጥ እንደጀመሩት ይነገራል፤ መሣሪያው ከተጠቃሚዎቹ ብዙዎቹ እርሱን ለማዋቀር ከሚፈጅባቸው ባነሰ ሰዓት መወለዱ ግን ብዙ አይነገርም። የቴስት እምብርት አሰርት የሚባለው ዓረፍተ ነገር ሲሆን፣ በቀድሞ ሙግት ተሟጋቾች በማር ወይም በበቅሎ ይገቡት የነበረውን ውርርድ ይመስላል፤ ልዩነቱ እዚህ የተረታው በቅሎ ሳያስረክብ ቀይ መስመር ብቻ መቀበሉ ነው። ሞክሼው እዚህም አልቀረም። ቴስት የሚለው ምልክት አንዱ ከጄዩኒት 4፣ ሌላው ከጄዩኒት 5 ስለሚመጣ፣ የኮድ መጻፊያው ሁለቱን ደርድሮ ሲያቀርብ የቸኮለ እጅ የላይኛውን፣ የጄዩኒት 4ቱን ይመርጣል፤ ከዚያ ከእያንዳንዱ ቴስት በፊት ነገሮችን እንዲያዘጋጅ የተጻፈው የጄዩኒት 5 ክፍል የጄዩኒት 4 ሎሌ ስላልሆነ አይጠራም፣ ሊዘጋጅ የነበረውም ነገር ነል፣ ማለትም ባዶ ሆኖ ይቀራል። ነልን በ1965 የፈለሰፈው ቶኒ ሆር ራሱ ኋላ የቢሊዮን ዶላር ስሕተት ብሎ ስለጠራው ፕሮግራመሩ በብቸኝነት ሊያዝን አይገባም፤ ነገር ግን ዳታቤዙን፣ ኔትወርኩንና የሥራ ባልደረባውን ሁሉ ጠርጥሮ፣ ከፋይሉ ራስጌ ያለችውን አንዲት የኢምፖርት መስመር ሳያነብ ይመሽበታል። ከዚህ የሚከፋ ዝምታም አለ፤ የክላሱ ስም ሜቨን በሚጠብቀው ልማድ መሠረት ቴስት የሚለውን ቃል በመጀመሪያው ወይም በመጨረሻው አካባቢ ካልያዘ ቴስቱ ሳይሮጥ ግንባታው ተሳካ ይባላል፤ ለፈተና ያልተመዘገበ ተማሪ እንደማይወድቅ ሁሉ።

ለአማርኛ ተጠቃሚ የሚሠራ ፕሮግራመር የሚገጥመው የመጨረሻው ሞክሼ ግን ከፊደል ገበታው የሚመጣው ነው። ፀሐይ የሚለው ስም የመጀመሪያ ፊደሉ በ2፣ ሁለተኛው በ6 ዓይነት ሊጻፍ ስለሚችል 12 መልክ አለው፤ ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል የየራሱን ቁጥር ስለሰጠ፣ ጃቫ ሁለት ጽሑፎችን ሲያወዳድር ፀሐይና ጸሀይ የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። መፍትሔው ከማወዳደር በፊት ሞክሼ ሆሄያትን ወደ አንድ መልክ ማምጣትና የባለቤቷን አጻጻፍ ለማሳያ እንደነበረ ማስቀመጥ ሲሆን፣ ይህም ማለት ሊቃውንት ለዘመናት ሲከራከሩበት የኖሩትን የትኛው ፊደል ይቅር የሚለውን ጥያቄ ፕሮግራመሩ ከምሳ በፊት ይወስናል ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን አይወስንም፤ ምክንያቱም መዝገቡንም ቴስቱንም የጻፈው አንድ እጅ ስለሆነ በሁለቱም ቦታ ያስገባው አንዱን ፀ ነው። ወይዘሮ ፀሐይ መስኮቱ ጋ ቀርበው ስማቸውን ሲናገሩ፣ ተቀባይዋ በጸ ጽፋ ትፈልግና እንዲህ የሚባል ሰው የለም ትላቸዋለች፤ በውስጥ ያለው ቴስት አረንጓዴ እንደሆነ ነው።