የግራውንድ ነዋሪ ፊዚክስ

የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶ ግራውንድ የደረሰውን ሰው ዘመድ አዝማድ ሁሉ «ታድለህ! ደረጃ አትወጣ፣ ውሃ አትሸከም» ይለዋል። እውነት ነው፤ እኔ ወደ ላይ አልወጣም። ላይ ያለው ግን ወደ እኔ ይወርዳል፦ የልብስ መቆንጠጫ፣ የሕፃን ጫማ፣ ሽንኩርት፣ ድንች።

ለአራተኛ ፎቋ እትዬ አቤት ብል፣ «ውይ ልጄ፣ ድንች እኮ ናት!» አሉኝ። ድንችነቷን መች ካድኩ? ክሴ በፍጥነቷ ላይ ነው።

አንዱን ፎቅ ሦስት ሜትር እንበለው። ከአንደኛ ፎቅ የወደቀች ድንች መሬት ስትደርስ በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ትበራለች። ከአራተኛ ፎቅ፣ ከ12 ሜትር፣ የወደቀችውስ? ከፍታው አራት እጥፍ ስለሆነ ፍጥነቱም አራት እጥፍ ይመስላል፤ ግን 55 ነው፣ እጥፍ ብቻ። የምድር ስበት እንደ ቀን ሠራተኛ የሚታሰብለት በጊዜ እንጂ በርቀት አይደለማ! በየሰከንዱ በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨምራል። ድንቿ ደግሞ ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ለመውረድ የሚፈጅባት ጊዜ፣ ከሦስተኛ እስከ መሬት ከሚፈጅባት ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ግማሹን ፍጥነት የያዘችው ገና ከእትዬ በረንዳ ሥር ሳትርቅ ነው።

ዕቃ በሚጥል ላይ ቅጣት ይወሰን ብዬ ስሌቱን ለብሎካችን ኮሚቴ አቀረብኩ። እትዬ ወዲያው ፍጥነትን የሙጥኝ አሉ፦ «እንግዲያው ቅጣቴ ከአንደኛ ፎቁ እጥፍ ብቻ ነዋ!» እኔ ጉልበትን የሙጥኝ አልኩ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የምቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ከበሬ በላይ የዘረጋሁትን ቆርቆሮ የሚያጎደጉደውም ጉልበቱ ነው።

የሦስተኛ ፎቁ ጋሼ ደግሞ እጃቸውን አወጡ፦ «የእኔ ነጠላም ወድቋል። ልቀጣ ነው?» አይቀጡም፤ ነጠላን አየር ይዞት እያንሳፈፈ ያወርደዋል። ጨረቃ ላይ ቢኖሩ ግን ምሕረት አልነበራቸውም፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ጠፈርተኛው ዴቪድ ስኮት እዚያ መዶሻና ላባ አንድ ላይ ቢለቅ፣ አየር የለምና እኩል አረፉ። አየር እንዲህ ቀላል ውለታ አልዋለልንም። ከአንድ ኪሎ ሜትር የወረደች የክረምት ጠብታ ያለ አየር በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይዛ አናታችን ላይ ታርፍ ነበር፤ አየር ስለሚይዛት ትልቋ እንኳ ከ30 ብዙም አታልፍም። ያለዚያ ጃንጥላ የምናሠራው ምናለሽ ተራ ነበር።

ኮሚቴው ጉዳዩን በይደር ያዘው። የእኔ ፍርድ ግን ይኸው፦ ቅጣት በፎቅ ቁጥር ይሁን፤ አራተኛ አራት እጥፍ ይክፈል። እስከዚያው፣ ላይ ያላችሁ ወገኖች፣ የአበባ ማሰሮአችሁን ከበረንዳው ጫፍ ወደ ውስጥ ሳብ አድርጉት። ከ12 ሜትር መሬት ለመድረስ የሚፈጅበት አንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ ነው፤ እናንተ «ወይኔ!» ለማለት ይበቃችኋል፣ እኛ ለመሸሽ ግን አይበቃንም።