የተገላቢጦሽ ምክር፤ የተጨናነቀውን ባቡር ፈጽሞ ለማበላሸት ለሚሹ ሁሉ

መካሪዎች ሰውን ወደ መልካም ምግባር የሚመሩበት መንገድ ሁለት ነው፤ አንደኛው የሚበጀውን ነገር ፊት ለፊት አሳይቶ «ይህን አድርግ» ማለት ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ የማይበጀውን ሥራ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው ገልጦ፣ ሰሚው ፍሬውን አይቶ በገዛ ልቡናው እንዲጸየፈው ማድረግ ነው። በአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ጧት ወደ ሥራው፣ ማታም ወደ ቤቱ ለሚመላለሰው ሕዝብ የመጀመሪያው ዓይነት ምክር ብዙ ጊዜ ተነግሮታል፤ ስለዚህ እኔ ሁለተኛውን መንገድ መርጬ፣ ባቡሩን ለማወክና ባልንጀራውን ለማስመረር ቆርጦ የተነሣ ሰው ምን ምን ማድረግ እንደሚገባው በየተራው እዘረዝራለሁ። ከዚህ በታች የተጻፈውን ሁሉ የሚፈጽም ሰው የፈለገውን ጥፋት ያለ ጥርጥር ያገኘዋል።

አስቀድሞ ስለ ባቡሩ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባቡር ጋር የተዋወቀችው ዛሬ አይደለም፤ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ከተማዪቱ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን ያ ባቡር መንገደኛንና ጭነትን ከሩቅ አገር የሚያመላልስ እንጂ፣ የከተማውን ሠራተኛ በየማለዳው ከሰፈሩ አንሥቶ በየምሽቱ የሚመልስ አልነበረም። ይህን ሥራ የሚሠራው የኤሌክትሪክ ባቡር አገልግሎቱን የጀመረው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ በተዘረጋው መስመር ሲሆን፣ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የሚሄደውም በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ተከተለው። ሁለቱ መስመሮች በአንድነት 34 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 39 ፌርማታዎች አሏቸው፤ ወጪው 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 85 በመቶው ከቻይና የወጪና ገቢ ንግድ ባንክ በብድር የተገኘ ነው። ዋጋው በመጀመሪያ እንደ መንገዱ ርቀት 2፣ 4 እና 6 ብር ስለ ነበረ፣ ደመወዙ ለታክሲ የማይበቃው ሠራተኛ፣ ተማሪውና የቀን ሠራተኛው ሁሉ ወደ ባቡሩ ጎረፈ። እንግዲህ ግፊያው የመጣው ከክፋት ሳይሆን ከችግር መሆኑን ማንም አይስተውም፤ ይሁን እንጂ ከችግር የመጣውን ግፊያ ወደ መከራ የሚለውጠው የእኛው አድራጎት ነውና፣ ምክሬ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አንደኛው ምክር፤ ባቡሩ ከመቆሙ በፊት በበሩ ትክክል ተሰብሰቡ፤ በሩም እንደ ተከፈተ ወራጁን ሳታስወርዱ ወደ ውስጥ ግፉ። ይህን ያደረገ ሰው ጉዳቱን በሁለት እጥፍ ያገኘዋል፤ ወራጁ ቢወርድ ኖሮ ይለቀቅ የነበረውን መቆሚያ በገዛ ደረቱ ዘግቶ ያስቀረዋልና፣ ባልንጀራውን በከለከለበት ቅጽበት ራሱንም ይከለክላል። በመገናኛ ፌርማታ በአንድ ምሽት እንዲህ ያለው ግፊያ በሆነ ጊዜ፣ አንዲት አዛውንት እናት «ልጆቼ፣ ወራጅ ነኝ፤ አሳልፉኝ» እያሉ ሲማጸኑ ቆይተው፣ በብዙ ጭንቅ ሰውነታቸው ወደ ውጭ ቢወጣም የነጠላቸው ጫፍ በሚገቡት ሰዎች መካከል ተይዞ ወደ ውስጥ ሲሳብ አይቻለሁ፤ በሩ ሊዘጋ ሲል አንዲት ልጃገረድ ጫፉን ፈልቅቃ ባታቀብላቸው ኖሮ መውደቃቸው አይቀርም ነበር። ከሚገፉት መካከል አንዱ እንኳ ክፉ ሰው ነበር ለማለት አልደፍርም፤ እያንዳንዱ ሲመሽበት ልጆቹ የሚጠብቁት፣ እግሩም የዛለ ሰው ነበር። ነገር ግን ሁሉም «እኔ ብቻዬን ብታገሥ ምን ይጠቅማል?» ብሎ ስለሚያስብ፣ ብዙ ደጋግ ሰዎች ተሰብስበው አንድ ክፉ ሥራ ይሠራሉ።

ሁለተኛው ምክር፤ ከገባችሁ በኋላ እበሩ ሥር ተተከሉ። መውረጃችሁ አያት ቢሆንም እንኳ ከስታዲየም ጀምራችሁ የበሩን ብረት ጨብጣችሁ፣ «ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ውስጡ ባዶ ነው» የሚል ድምፅ በተሰማ ጊዜ ፊታችሁን ወደ መስኮቱ አዙሩ። በዚህም አድራጎት የባቡሩ መካከል እየሳሳ በሩ እየጠበቀ ይሄድና፣ በየፌርማታው የቆሙት ሰዎች ባቡሩ የሞላ መስሏቸው ይቀራሉ፤ የሞላው ግን በሩ እንጂ ባቡሩ አይደለም። በዚህም ላይ ሦስተኛውን ምክር ጨምሩበት፤ የጀርባ ቦርሳችሁን አታውርዱ። ቦርሳ በጀርባ ሳለ የአንድ ሰው ደረት የሚያርፍበትን ስፍራ ይይዛል፤ ባለቤቱ በዞረ ቁጥር የልጅ ፊትና የሽማግሌ መነጽር ይገጫል፤ እርሱ ግን ዓይን ከኋላው ስለሌለው በደሉን ሳያውቅ ይወርዳል። ያንኑ ቦርሳ አውርዶ በእግሮቹ መካከል ያኖረ ሰው ለአንድ ተሳፋሪ ቦታ ከመልቀቁም በላይ፣ ንብረቱን ከኪስ አውላቂ ይጠብቃል።

አራተኛው ምክር ከሁሉ ይልቅ ብዙ ፍሬ የሚያፈራ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ እጽፈዋለሁ። ባቡሩ ሊነሣ በሩ ሲዘጋ፣ ከኋላ እየሮጠ የሚመጣው ወዳጃችሁ እስኪደርስ ድረስ በሩን በእጃችሁ ወይም በእግራችሁ ይዛችሁ አቆዩት። በሩ ሳይዘጋ ባቡሩ አይነሣምና፣ በእናንተ ፌርማታ የባከነችው ጥቂት ጊዜ በሚቀጥለው ፌርማታ ተጨማሪ ሰዎች እንዲሰበሰቡ ታደርጋለች፤ የተሰበሰቡትም ለመግባት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈጃሉ፤ ያም ጊዜ በሦስተኛው ፌርማታ የሚጠብቀውን ሕዝብ ያበዛዋል፤ እንዲህ እየሆነ የዘገየው ባቡር ይበልጥ እየዘገየ፣ የሞላውም ይበልጥ እየሞላ ይሄዳል። ከኋላው የሚመጣው ባቡር ግን በየፌርማታው የነበረውን ሰው ፊተኛው ጠርጎ ስለ ወሰደበት የሚያሳፍረው ጥቂት ይሆናል፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ እየተነሣ ከፊተኛው ጀርባ ይደርስና፣ አንዱ ታጭቆ ሌላው ሳስቶ ተከታትለው ያልፋሉ፤ ከእነርሱም በኋላ ሐዲዱ ለብዙ ጊዜ ባዶውን ይቀራል። ተሳፋሪው «ሲጠፋ ይጠፋል፤ ሲመጣ ሁለቱም አብሮ ይመጣል» እያለ የሚያማርረው ነገር አንዱ ምክንያቱ ይህ ነው።

በእኛ ከተማ ደግሞ ጥፋቱ በአንድ መስመር ተወስኖ አይቀርም። ሁለቱ መስመሮች ከልደታ እስከ ስታዲየም ባሉት አምስት ፌርማታዎች፣ ማለት በልደታ፣ በተግባረ ዕድ፣ በሜክሲኮ፣ በለገሐርና በስታዲየም በአንድ ሐዲድ ስለሚገናኙ፣ ከአያት የሚመጣው ባቡር ዘግይቶ በደረሰ ጊዜ ከቃሊቲ የሚወጣው ተራውን ሊጠብቅ ይገደዳል። እንግዲህ በመገናኛ በር የያዘች አንዲት እጅ፣ በሳሪስ ቆሞ ሰዓቱን የሚያየውን የማታውቀውን ሠራተኛ ከሥራው ልታዘገየው ትችላለች ማለት ነው። ለአንድ ወዳጅ የተደረገች ቸርነት በብዙ መቶ ሰዎች ዕዳ የተከፈለች መሆኗን የሚያስተውል ሰው፣ ወዳጁን «የሚቀጥለው ይሻልሃል» ብሎ ቢሰናበተው ከልብ ወዶታል።

አምስተኛው ምክር፤ መቀመጫ ያገኛችሁ እንደ ሆነ ወዲያው እንቅልፍ የወሰደው ሰው ምሰሉ፤ ወይም ዓይናችሁን ከስልካችሁ አታንሡ፤ ነፍሰ ጡሯን፣ ባለ ከዘራውን ሽማግሌና ልጅ ያዘለችውን እናት አላየሁም ያለ ሰው ተነሣ አይባልምና። በዚህ ረገድ ለማበላሸት የሚሻ ሰው አጥብቆ ሊደክም ይገባዋል፤ ምክንያቱም የሚያፈርሰው ልማድ ሥር የሰደደ ነው። ከአንበሳ አውቶቡስ ዘመን ጀምሮ በዚህ ከተማ የተቀመጠ ሰው የቆመችውን «አምጪ፣ ልያዝልሽ» ብሎ ዘንቢሏን ወይም ሕፃኗን በጉልበቱ ላይ ይቀበላል፤ ስም አይጠያየቁም፤ ወዴት እንደምትሄድ አይመረምርም፤ መውረጃዋ ሲደርስ ዘንቢሉ በሰው ራስ ላይ ከእጅ ወደ እጅ አልፎ ምንም ሳይጎድል ይደርሳታል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት አባቶች የተናገሩት ስለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። ግፊያም ሸክም ነው፤ ሁሉም ጥቂት ጥቂት ቢይዘው ይቀላል፤ ጠንካራው የድርሻውን በደካማው ላይ ሲጥል ግን ደካማው ይሰበራል።

ስድስተኛው ምክር መጻፉም የሚያሳፍር ነው፤ ነገር ግን የሚፈጸመውን ነገር መሸፋፈን ከፈጻሚው ጋር መተባበር ስለሚሆን እጽፈዋለሁ። ሰው ከሰው የተጣበቀበትን ሰዓት ምክንያት አድርጎ በሴት ልጅ ገላ ላይ እጁን የሚልክ ሰው ባያችሁ ጊዜ ዝም በሉ፤ እርሷም «ምን ታደርጋለህ?» ብላ ድምፅዋን ከፍ ባደረገች ጊዜ «ግፊያ ነው እኮ፤ ካልተመቸሽ ለምን ታክሲ አትይዢም?» ብላችሁ አሳፍሯት። በዚህ አንድ ቃል ጥፋተኛው ነፃ ይወጣል፤ ተበዳይዋም ተከሳሽ ትሆናለች፤ ከነገ ጀምሮም አንዲቱ ተማሪ ባቡሩን ትታ በእግሯ ትሄዳለች፤ ሌላዪቱ ሲመሽ የማያስወጣ ሥራ ትፈልጋለች። ሙምባይንና ቶኪዮን በመሰሉ ታላላቅ ከተሞች ለሴቶች ብቻ የተለዩ ፉርጎዎች እስከ መመደብ የተደረሰው፣ ኅሊና ሊጠብቀው የሚገባውን ድንበር ኅሊና ስላልጠበቀው ነው። ለዚህ ነውር መድኃኒቱ የሚጀምረው በአጠገቧ ከቆመው ሰው ነው፤ «እኅቴ፣ ወደዚህ አለፍ በይ» ብሎ ቦታውን የለወጠላት፣ ሰውየውንም ፊት ለፊት «እጅህን ሰብስብ» ያለው ተሳፋሪ፣ ዘበኛ ከሌለበት ዘበኛ ሆኗል።

ሰባተኛው ምክር አጭር ነው፤ ትኬት ሳትቆርጡ ተሳፈሩ። ሰው በበዛበት ተቆጣጣሪው ሁሉን ሊያዳርስ አይችልምና ብዙ ጊዜ ይሳካላችኋል። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን የባቡሩ ጎማ፣ የበሩ ሞተርና የኤሌክትሪክ መሣሪያው የሚጠገነው ከዚሁ ትንሽ ገንዘብ ተጠራቅሞ መሆን ሲገባው፣ ያልከፈለው ሰው ነገ በሩ የማይከፈት ባቡር ሲመጣበት ከሚያጉረመርሙት ፊተኛ ይሆናል።

ስምንተኛውና የመጨረሻው ምክር ለጥፋት ሁሉ ማኅተም ነው፤ እርስ በርሳችሁ ተሰዳደቡ እንጂ የባቡሩን አስተዳዳሪዎች ምንም አትጠይቁ። ሥራው ሲጀመር ለሁለቱ መስመሮች 41 ባቡሮች ቀርበው ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ግን ብዙዎቹ በመለዋወጫ ዕቃ እጦት ከሐዲድ ወርደው በማደሪያቸው ቆሙ። ባቡር ሲያንስ ተሳፋሪው በዚያው ልክ አያንስም፤ ስለዚህ በብዙ ባቡር ሊከፋፈል የሚገባው ሕዝብ በጥቂቱ ላይ ይጫናል፤ አብዝቶ የተጫነውም ጥቂት ባቡር ቶሎ ያረጃል፤ ያረጀውም በተራው ይቆማል። ተሳፋሪው በትሕትና ቢጠጋ፣ ወራጁን ቢያስቀድም፣ ቦርሳውንም ቢያወርድ፣ ከማደሪያው ያልወጣውን ባቡር ሊያወጣው አይችልም፤ ይህ የሹሙ ግዴታ ነው። በሕዝብ ስም የተበደረ፣ በሕዝብ ገንዘብም የሚተዳደር መሥሪያ ቤት የስንት ባቡር ባለቤት እንደ ሆነ፣ ስንቱ እንደሚሠራ፣ የቀረውም መቼ ተጠግኖ እንደሚወጣ በየጊዜው ለሕዝቡ ሊናገር ይገባዋል፤ ሕዝቡም ይህን መጠየቅ ነውር ሊመስለው አይገባም።

እነሆ፣ ስምንቱን ምክሮች የሚፈጽም ሰው የከተማዪቱን ባቡር ያለ ድንጋይና ያለ እሳት ሊያጠፋው ይችላል። ከእነርሱ ሊርቅ የሚወድ ሰው ግን ሁለቱን ግዴታዎች አጣምሮ መያዝ አለበት፤ አንዱን ይዞ ሌላውን የተወ ሥራው ግማሽ ነው። በሩ ላይ እየተጋፋ ሹሙን የሚወቅስ ሰው ወቀሳው ሰሚ አያገኝም፤ ሥርዓቱን እየጠበቀ ዝም የሚልም ትዕግሥቱ ለሌላው ስንፍና መደገፊያ ይሆናል። ሹም በተጠየቀ ጊዜ ሁሉ ፈጥኖ የሚያነሣው መልስ «ያበላሸው ሕዝቡ ራሱ ነው» የሚል ነው፤ ተሳፋሪው ወራጁን አስወርዶ፣ ወደ ውስጥ ጠጋ ብሎ፣ ትኬቱን ቆርጦ፣ እኅቱን ጠብቆ የጠየቀ ቀን፣ ሹሙ ሌላ መልስ አይኖረውም፤ መለዋወጫውን ከማምጣት በቀር።