የምጣዴ ሰላዮች

ድሮ የሰው ገመና የሚያወጣው ጎረቤት ነበር፤ እሱንም ቢሆን ቡና ጠርተው፣ ቆሎ አቅርበው አፉን ያስይዙታል። ዘንድሮ ገመናዬን የሚያወጣው ሶኬት ነው። ሶኬት ደግሞ ቡና አይጠጣ፣ ሽማግሌ ቢልኩበት አይሰማ! ሐይቅ ከተማ ላይ ዕድሜ ልኩን ሰው ሲያስታርቅ የኖረ ሽማግሌ በስተርጅና ከገዛ ግድግዳው ጋር ሲጣላ፣ እሱን ደግሞ ማን ያስታርቀው?

ጦሱን ያመጣው ዱባይ ያለው ልጄ ነው። የአገሬ ልጅ ዓረብ አገር ሲገባ ለቤተሰቡ ብርድ ልብስ ይልካል፣ ቴሌቪዥን ይልካል፤ ወጉ ይኸው ነው። የእኔው ግን ስማርት ሶኬት የሚሏቸው ነጫጭ ነገሮች፣ ከቆጣሪው የሚወጣውን ዋና ሽቦ ጥርቅም አድርጋ የምትይዝ መቆንጠጫና ሁሉንም የምታዝ አንዲት ትንሽ ሳጥን ላከ። የልጅ ልጄ ሲተክለው ዋለና "አባባ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቤታችን ኔትወርክ ሆነ" ብሎ አበሠረኝ። እስከ ትናንት ምን ነበረ? ቤት ነበረ እኮ!

አሠራሩ እንዲህ ነው። መቆንጠጫዋ ወደ ቤት የሚገባውን ጠቅላላ ትለካለች። ሶኬቶቹ ደግሞ ፍሪጁ ስንት በላ፣ ቴሌቪዥኑ ስንት በላ እያሉ ይመዘግባሉ። የሚያወሩት ያለ ሽቦ፣ በሬዲዮ ሞገድ ነው። ራቅ ያለው ሶኬት ሳጥኗ ዘንድ መድረስ ሲያቅተው አጠገቡ ላለው ይነግረዋል፤ ያም ለሚቀጥለው፣ የሚቀጥለውም ለሳጥኗ፤ የሰፈራችን የቡና ወሬ ከአቦል እስከ በረካ ሦስት ጓሮ እንደሚያዳርሰው መሆኑ ነው። የእኛ ወሬ ግን መንገድ ላይ ይጨመርበታል፣ ይጣፍጣል። የሶኬት ወሬ ደረቅ ቁጥር ነው። ሳጥኗ ቁጥሩን ሰብስባ በኢንተርኔት ዱባይ ታደርሰዋለች።

የአባቴን ግድግዳ አላህ ይባርከው፣ መጀመሪያ ላይ አድኖኝ ነበር። የመኝታ ቤቴ ግድግዳ ከክንድ የሚወፍር ድንጋይ ነው፤ ሞገድ እንዲህ ያለውን ድንጋይ አልፎ ሲወጣ አቅም ያጣል፣ ቆርቆሮም ይመልሰዋል። የልጅ ልጄ "ሲግናል የለም" እያለ ሲንገላታ እኔ አልሐምዱሊላህ አልኩ። በማግስቱ በሩ ሥር አንድ ሶኬት ጨመረና ወሬዋን አዙሮ አስገባት።

ከዚያ ወዲህ ሰላም የለም። አንድ ማታ እንግዳ መጣብንና ባለቤቴ ምጣድ አበራች። የኤሌክትሪክ ምጣድ መቼም ተደብቆ አይበራም፤ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይጎትታል፣ ባለ 10 ዋት አምፖል 300 በአንዴ እንደ ማብራት ነው። የመጀመሪያዋ እንጀራ ዓይን ሳታወጣ ስልኬ ጮኸ፤ ልጄ ከዱባይ ነው። "አባባ፣ በዚህ ሰዓት ምጣዱ ምንድን ነው? ማን መጣ?" እንግዳው አጠገቤ ተቀምጧል! ምን ብዬ ልመልስ? በወሎ ምድር እንግዳ ተቀምጦ የእንጀራው ሒሳብ ሲጠየቅ ከምሰማ ምነው ጆሮዬን በደፈነው!

በረመዳንማ ባሰበት። "አባባ፣ ዛሬ ለሱሁር አልተነሣችሁም እንዴ?" አለኝ። ለካ መብራት ስላላበራን ነው። ተምር ለመጉረስ መብራት ምን ይሠራል? እጅ አፍን በጨለማ አይስተውም። ስለ ጾሜ የሚጠይቀኝ አንድ አላህ ነበር፤ አሁን ሶኬትም ደርቦ ይጠይቀኝ ጀመር።

ሽማግሌ ጃጀ አትበሉኝ። በአሜሪካው ኤምአይቲ ጆርጅ ሃርት የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ የቤቱን ጠቅላላ ኃይል ብቻ በማየት ዕቃዎቹን አንድ በአንድ የሚለይበት ዘዴ አበጅቶ ነበር። ኃይሉ በስንት ከፍ፣ በስንት ዝቅ እንዳለ አይቶ ይህ ፍሪጅ ነው፣ ይህ ምድጃ ነው ይላል። ሰውየው ፈሪሃ አምላክ ሳይኖረው አልቀረም፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ነገሩ ለስለላ ሊውል እንደሚችል ራሱ ጽፎ አስጠነቀቀ። የኔዘርላንድስ የላይኛው ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ2009 ስማርት ቆጣሪን በየቤቱ ግዴታ የሚያደርገውን ሕግ በሰው ገመና አንገባም ብሎ መልሶታል። አንድ የአምባሰል ወዳጄ ይህን ብነግረው ወዲያው ገባው። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም ንግሥ ቤተሰቡ ሁሉ ተራራውን ሲወጣ፣ ቤቱ ውስጥ የሚበላው ፍሪጁ ብቻ ይሆናል። ያንን ቁጥር ያየ ሌባ በር ማንኳኳት አያስፈልገውም። ወዳጄ ገጠር ላለው ቤቱ ባለ ፀሐይ ፋኖስ ነው ያለው፤ "ፀሐይ ቆጣሪ የላትም፣ ዱባይም ዘመድ የላትም" ብሎ ሳቀብኝ።

የሰዓቱን ነገር ደግሞ ስሙልኝ። የልጅ ልጄ ለፈጅር ውዱእ የሚሆነኝ ውሃ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ እንዲሞቅ ብሎ ስልኩ ላይ 11 ሞላ። ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ተንዘፍዝፌ ሰገድኩና ረፋዱ 5 ሰዓት ላይ፣ እኔ ገበያ ስዞር፣ ማሞቂያው ባዶ ቤት ውሃ አፈላልኝ። ስማርት ማለት ይኸ ነው።

ቁጥሩስ ልክ ነው? ውጫሌ ከእኛ ብዙ አትርቅም፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያ የተፈረመው ውል የአማርኛውና የጣልያንኛው ግልባጭ አንቀጽ 17 ላይ እንዳልተገናኘ ለዚህ አገር ሰው አይነገረውም። እኔ ቤትም ሁለት ግልባጭ አለ፤ የቆጣሪው ሌላ፣ የስልኩ ሌላ። ለካ ልጄ የላካት መቆንጠጫ የምትለካው በሽቦው የሚሄደውን ጅረት ብቻ ነው፤ ቮልቴጁን አትለካም፣ ሁልጊዜ 220 ነው ብላ ታባዛለች። ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ በሚያበራበት ማታ ማን 220 ሰጥቷት! አምፖሉ ሲደበዝዝ እኔ በዓይኔ አያለሁ፣ እሷ ግን 220 ብላ ድርቅ።

የድሮው ቆጣሪ ስንት ቁም ነገር ነበረው። መስታወቱ ውስጥ አንዲት ክብ ሳህን ትዞራለች፤ ምጣድ ሲበራ ትከንፋለች፣ ሲጠፋ ታዘግማለች፤ ያልተማረ ሰው እንኳ ቆሞ ያነባታል። አንባቢውም በእግሩ መጥቶ፣ በርጩማ ላይ ወጥቶ፣ ቁጥሩን ጽፎ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ መርቆ ይሄድ ነበር። የአሁኑ ቆጣሪ እንደ ዓይነቱ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 1000 ወይም 1600 ጊዜ ቀይ መብራት ብልጭ ያደርጋል፤ ተቀምጦ የሚቆጥርለት ማን ነው? ሒሳቡ በስልክ መከፈሉንስ አልጠላሁትም፤ ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲመጣ ከሰልፍ ከተገላገሉት አንዱ ነኝ። ለእውነት ያህል የልጄም ሶኬት አንድ በጎ ነገር ሠርቷል፤ ፍሪጁ ሌሊቱን ሙሉ ሳያርፍ ሲበላ አሳበቀበትና የበሩ ጎማ መላላቱ ታወቀ። ባለቤቴ ጎማውን ካስቀየረች ወዲህ ከእኔ ወገን ወጥታ ከሶኬቱ ወገን ገብታለች።

የእኔ ክርክር ግን ሌላ ነው። ይህ ሁሉ ወሬ የሚሄደው ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው። ስማርት ቆጣሪ ውስጡ ሲም ካርድ ይዞ ስንት እንደ በላሁ፣ በስንት ሰዓት እንደ በላሁ ለቢሮው መላክ ይችላል። እንዲያውም አንዳንዱ፣ መብራት ድርግም ሲል፣ በቀረችው ጥቂት ኃይል "ጠፋብኝ" የሚል የመጨረሻ ቃል ልኮ ነው የሚሞተው። ምስኪን! ሲሞት እንኳ የሚናዘዘው ለቢሮ ነው፤ ከአጠገቡ ኩራዝ ፍለጋ ለምዳበሰው ለእኔ ትንፍሽ አይልም። በየበዓሉ ዋዜማ ፋብሪካዎች ኃይል እንዲቀንሱ፣ እኛም ምጣዱን በየተራ እንድናበራ በራዲዮ እንለመናለን፤ ደግ፣ እሺ እንላለን። ለህዳሴው ግድብም አዋጥተናል፤ 5150 ሜጋዋት ተብሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እልል ብለናል። ታዲያ ባለቤቴ አብሲት ጥላ፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ ምጣዱ ሊሰማ ሲል መብራቱ ይሄዳል። አስቀድሞ የነገረን የለም። ለአንድ ሰዓት ይሁን እስከ ነገ የሚያውቅ የለም። ሊጥ ደግሞ አይጠብቅም፤ ይኮመጥጣል፤ ዓሣ ነጋዴው ጎረቤቴም ፍሪጁን ከፍቶ እያሸተተ ይውላል።

ስለዚህ ለልጄ ቁርጡን ነግሬዋለሁ። የእኔን ምጣድ ዱባይ ተቀምጦ የሚያይ ስልክ እንዳለ አይቻለሁ፤ በዚህ ማንም አያስደንቀኝም። መብራቱ መቼ እንደሚሄድና መቼ እንደሚመለስ ከዋዜማው የሚነግር ሶኬት ከተሠራ ግን ዋጋው ስንትም ይሁን ይላክልኝ፤ በሬዬን እሸጣለሁ። እስከዚያው ምጣዴን አትዩብኝ።