በምን ልስፈርልዎ?

ተረት ተረት። የላም በረት።

ሸዋ ሮቢት፣ ማንጎ ጥላ ሥር፣ ችሎት ተቀመጠ። ዳኛው አቶ ቆጣሪ ነበር፤ የዞረውን እንጂ የቆመውን በጭራሽ የማያይ ሰው። ከሳሹ የአዳማ ነፋስ፣ ተከሳሿ ግድቧ እትዬ ቆቃ። ሁለቱ ጎረቤቶች ሆነው ሳለ ለምን ይፋት ቆላ ድረስ ወርደው እንደተካሰሱ ተረቱ አይናገርም፤ ምናልባት የሮቢት ሽንኩርት አምሯቸው ይሆናል።

ነፋስ ጀመረ። «በ2004 በ51 ሜጋ ዋት ሥራ ገባሁ። በ2007 ደግሞ 153 ተጨመረልኝ። አሮጊቷ ከ1952 ጀምሮ ያው 43 ናት። እሱንም ቢሆን፣ በጋ መጥቶ እኔ ስበረታ በሯን ዘግታ ትተኛለች። እንጀራዬን የምጋራት በምን ዕዳዬ ነው?»

«እውነቱን ነው» አለች ፀሐይ ከላይ።

«ማታ ምጣድ ሲጣድስ የት ነሽ?» አላት ሮቢ ወንዝ፣ ሳይፈቀድለት ተነሥቶ።

ፀሐይ ፊቷ ቀላ። ወዲያው ወደ ጣርማበር ጀርባ ማዘቅዘቅ ጀመረች።

ሮቢ አላቆመም። «እኔ የአዋሽ ገባር ነኝ፤ ጉልበት አለኝ፣ ሆድ ግን የለኝም። ክረምት የተሰጠኝን ደራሽ ሆኜ በአንድ ሌሊት እበትነዋለሁ። በጋ ላይ የሽንኩርቱን ቦይ ከሞላሁ ትልቅ ነገር ነው። እትዬ ቆቃ ግን የሐምሌውን ለጥር ያሳድራሉ።»

እትዬ ቆቃ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ልጄ፣ አንተ በነፈስክ ቁጥር በሬን የምዘጋው ውኃዬ እንዲቆይልህ ነው። ቀጥ ስትል እከፍተዋለሁ። እንደ ልቤ የምዘጋም አይምሰልህ፤ የወንጂ ሸንኮራ የሚጠጣው ከእኔ ነው። ሆዴንም ከላይ የሚወርደው ደለል ከዓመት ዓመት እያጠበበው ነው። ደግሞ ያንተ 204 ሲወድቅ በእኔ 43 አይነሣም። ግልገል ጊቤ ሦስት አለ፣ 1,870 ያለው፤ በሽቦ ተዛምደናል፣ ትከሻ የሚሰጠን እሱ ነው።»

አቶ ቆጣሪ መዝገቡን ገለጠ፤ ራሱን አከከ። «ይሁን፤ ያልፈሰሰ ውኃ በምን ልስፈርልዎ? በቁና? በሰዓት? እንዲህ ያለ ዓምድ መዝገቤ ላይ የለም።»

መሸ። በሮቢት ቤቶች ሁሉ ምጣድ ተጣደ፣ አምፖል በራ። ነፋስ መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ፤ ትንፋሽ አጠረው። ከዳኛው ራስ በላይ ያለው አምፖል እንደ ሽሮ ቢጫ ሆነና ተርገበገበ፤ ብዕሩ ግማሽ ቃል ላይ ቆመ።

እትዬ ቆቃ ማንንም ሳይሰናበቱ ተነሡ። ወደ ደቡብ፣ ሩቅ፣ የብረት በር ሲከፈት ተሰማ።

አምፖሉ ደመቀ። አቶ ቆጣሪ ቀና ሲል ባዶ ወንበር አየ። በመጣለት ብርሃን ጎንበስ ብሎ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ «ተከሳሽ ሳይፈቀድላት ከችሎት ወጥታለች» ብሎ ጻፈ።